ሰማያዊው ፊልተርና የማታው ሽፍታ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ሹራብ እሠራለሁ፤ የሠራሁትንም ፎቶ አንስቼ ለገዢዎች አሳያለሁ። ቀን ሥራ ስለምውል የማነሳው ማታ ነው። ያለኝ ብርሃን ቢጫ አምፖል የገባበት አንድ የጠረጴዛ መብራት ብቻ ነው። ቀለሙን በኮምፒውተር ሳስተካክለው ነጩ ነጭ ይሆንልኛል፤ ጥላው ውስጥ ግን፣ በተለይ ጥቁር ሰማያዊው ሹራብ ላይ፣ ሰማያዊና ቀይ ነጠብጣብ እንደ ሽፍታ ይወጣል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «80ኤ የሚባል ሰማያዊ ፊልተር ሌንስሽ ላይ ግጠሚበት፣ ኖይዙ ይጠፋል» አለኝ። እውነት ነው? ከሆነስ ማታ የእህቴን ሕፃን ሳነሳም ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። ባልደረባሽ ውሸት አልነገረሽም፤ ነገሩን ከመሀል ቆርጦ ነው የነገረሽ። ለሹራቡ ይጠቅምሻል። ለሕፃኑ ግን ጭራሽ ያበላሽብሻል። አንድ መስታወት በአንድ ክፍል፣ በአንድ መብራት ሥር እንዴት ሁለት ጠባይ ይኖረዋል ትዪኝ ይሆናል። እኔም የገባኝ አንድ ምሽት ሙሉ ፎቶ ካበላሸሁ በኋላ ነው፤ እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ሽፍታው፣ ባልደረባሽ ኖይዝ ያለው፣ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የካሜራሽ ሴንሰር፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ቁራጭ፣ በራሱ ቀለም አይለይም። እያንዳንዷ ፒክስል የደረሳትን ብርሃን ትቆጥራለች፣ በቃ። ቀለም የሚገኘው በእያንዳንዷ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ስስ ማጣሪያ ስለተደረበባት ነው። ይህን አደራደር ያወጣው የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር ሲሆን፣ የፈጠራ ባለቤትነቱ የጸደቀው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ከየአራቱ ፒክስል ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው።

እንግዲህ ዝናብ ሲጥል ደጅ ላይ ሦስት እንስራ የተደረደረ አድርገሽ አስቢው፤ ለየቀለሙ አንድ አንድ። ቀን በፀሐይ ብርሃን ስታነሺ ሦስቱም እኩል ባይሆኑ እንኳ ተቀራርበው ይሞላሉ። ማታ በቢጫ አምፖል ግን አረንጓዴው አፉ ሲደርስ፣ ቀዩም ሲከተለው፣ ሰማያዊው ገና ግማሹን አላገኘም። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ የቀን ብርሃን 5,500 ኬልቪን ገደማ ሲሆን የቤት አምፖል 2,800 አካባቢ ነው። የጋለ ክር ሙቀቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ሰማያዊ ይሰስትና ቀይ ይረጫል።

አንቺ «ነጩ ነጭ ይሆንልኛል» ስትዪ ኮምፒውተሩ ምን እያደረገ መሰለሽ? የጎደለውን የሰማያዊ እንስራ በቁጥር እያባዛ ሙሉ ያስመስለዋል። እንደ ካሜራው ዓይነት ቢለያይም፣ ቀን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይባዛ የነበረው ማታ ሁለት ተኩል እጥፍ አካባቢ ይደርሳል። እህሉ ሲባዛ እንክርዳዱም አብሮ ይባዛል። ብርሃን እንደ ዝናብ ጠብታ የሚመጣ ነገር ነውና ሲቆጠር ይዋዥቃል፤ መዋዠቁም የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው። 10,000 ጠብታ የቆጠረች ፒክስል በ100 ያህል ትሳሳታለች፤ ከመቶ አንድ እጅ ነው፣ ዓይንሽ አያየውም። 100 ብቻ የቆጠረችው በ10 ትሳሳታለች፤ ከመቶ አሥር እጅ ሆነ፣ ይኸውልሽ ሽፍታው። ጥቁር ሰማያዊው ሹራብሽ ላይ የባሰው ለዚህ ነው። ሹራቡ ቀዩንና አረንጓዴውን ይውጣል፤ ሊመልሰው የሚችለው ሰማያዊ ደግሞ ከአምፖሉ በቅጡ አልመጣለትም። ሦስቱም እንስራ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ወደ ፊልተሩ እንምጣ። ሰማያዊ ብርሃን የሚያመነጭ መስታወት የለም። 80ኤ የሚያደርገው ቀዩንና አረንጓዴውን መያዝ ነው፤ በሁለቱ እንስራዎች አፍ ላይ ወንፊት እንደማስቀመጥ። የሰማያዊው እንስራ በዚህ አንድ ጠብታ አይጨመርለትም፤ እንዲያውም መስታወቱ ከሰማያዊውም ላይ ጥቂት ይወስዳል። ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ሁለቱ ቶሎ ስለማይሞሉ እንስራዎቹን ዝናቡ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መተው ትችያለሽ። በዚያ በተጨመረው ጊዜ ነው ሰማያዊው የሚጠግበው። ሽፍታውን የሚያጠፋው ጊዜው ነው ልጄ፤ መስታወቱ ፋታ ይሰጣል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

የጊዜው ዋጋ ሁለት ስቶፕ ነው፤ አንድ ስቶፕ እጥፍ ማለት ነውና አራት እጥፍ ይሆናል። እኔ በቅርቡ የሞከርኩትን ልንገርሽ። አንድ ቡናማ ወንበር ላይ የራሴን ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ አንጠልጥዬ፣ ጎኑ ግራጫ ካርቶን አቁሜ፣ ካሜራዬን ትራይፖድ ላይ አሰርኩ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 8። ያለ ፊልተር ግማሽ ሰኮንድ በቃኝ፤ ከዚያ ካለፍኩ አምፖሉ የሚያርፍበት የወንበሩ ጫፍ ቀይ እየፈሰሰ ዝርዝሩ ይጠፋል። 80ኤን ገጥሜ ሁለት ሰኮንድ አነሳሁ። ሁለቱንም በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል፣ አስቀምጬ፣ በካርቶኑ ግራጫ ቀለማቸውን አስተካክዬ፣ የሰማያዊውን ቻናል ብቻውን በጥቁርና ነጭ አወጣሁት። በመጀመሪያው ሹራቡ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። በሁለተኛው የክሩ ጉንጉን በጥላው ውስጥ ሳይቀር ይቆጠራል። በስሌት አራት እጥፍ ብርሃን ንጽሕናውን በእጥፍ ያሻሽላል፤ መስታወቱ ከሰማያዊውም ጥቂት ስለሚወስድ እጥፍ ሙሉ አልሆነም፣ ልዩነቱ ግን ያለ መነጽሬም ይታየኛል።

አንቺም ስትሞክሪ ሁለቱን ፎቶ እንዲሁ በካሜራው ጀርባ ጎን ለጎን አትያቸው፤ ካሜራው ነጩን ነጭ ለማድረግ ቀለሙን በራሱ የሚያስተካክልበት አውቶ ኋይት ባላንስ ልዩነቱን ይሸፋፍንብሻል። ብርሃኑን ስትለኪም ሂስቶግራሙን (ከጨለማ እስከ ብሩህ ያለውን ብርሃን በኮረብታ የሚያሳየውን ሥዕል) በሦስት ቀለም ከፍለሽ ተመልከቺ። አንድ ነጭ ኮረብታ ብቻ የሚያሳየው ሂስቶግራም በአብዛኛው የአረንጓዴውን ወሬ ነው የሚያወራው። ቀዩ ቀኝ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሰማያዊው ግራ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ሳለ «ሁሉም ደህና» ይልሻል።

አሁን ወደ ሕፃኑ። ሕፃን ሁለት ሰኮንድ ቁጭ አይልልሽም። እንዳይደበዝዝ ቢያንስ አንድ ስልሳኛ ሰኮንድ ያስፈልግሻል፣ አፐርቸርሽንም ከዚያ በላይ መክፈት አትችዪም እንበል። ያለ ፊልተር አይኤስኦ 1600 ላይ የነበርሽው፣ ፊልተሩ የበላብሽን ሁለት ስቶፕ ለመመለስ 6400 ልትገቢ ነው። እንስራዎቹ ዝናቡ ላይ የቆዩበት ጊዜ ያው ነው። ሰማያዊው ምንም አላገኘም፣ እንዲያውም ጥቂት ተወሰደበት። ቀዩና አረንጓዴው ደግሞ ከያዙት አብዛኛው ተቀማ። ቀድሞ አንዱ ድሃ የነበረው አሁን ሦስቱም ድሃ ሆኑልሽ።

ያ የተበላሸው ምሽት ይኸው ነበር። የዘመድ ልጅ ልደት፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ መብራቱ ተቀንሶ ሻማ በርቷል። እኔ የፊልተሩን ጥቅም ገና ያገኘሁ ሰሞን ነበርና «ዛሬ ንጹሕ ፎቶ አሳያችኋለሁ» ብዬ 80ኤን ገጥሜ ገባሁ። ውጤቱ የልጆቹ ፊት በሙሉ አሸዋ። ይባስ ብሎ ብርሃኑ ከሴንሰሩ ተመልሶ በጠፍጣፋው መስታወት እየተንጸባረቀ፣ የየሻማው ነበልባል ተዘቅዝቆ በፍሬሙ ማዶ በኩል በአየር ላይ ተንሳፍፎ ታየ። አንዷ ሕፃን ግንባሯ ላይ ነበልባል በርቶባታል። እናትየው ፎቶውን አይታ ዝም አለች፤ ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። ደግሞም የሻማ ብርሃን 1,900 ኬልቪን አካባቢ ነው። 80ኤ ብቻውን ከዚያ ተነስቶ 2,500ን ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ የቀን ብርሃን አጠገብም አይደርስም። ስለዚህ በሁለት በኩል ሞኝ ነበርኩ።

ለሕፃኑ ፊልተሩን አውልቂና ሌንስሽ የሚችለውን ያህል ክፈቺ፣ ወይም ፍላሹን ወደ ጣሪያው አዙረሽ አብሪ። ከሁሉም የሚሻለው ቀን፣ መስኮት አጠገብ ማንሳት ነው።

ለሹራቡም ቢሆን አንድ ነገር ሳልነግርሽ ብቀር ይቆጨኛል። ትራይፖድ ካለሽና ሹራቡ ካልተንቀሳቀሰ፣ ያለ ምንም ፊልተር ግማሽ ግማሽ ሰኮንድ አራት ጊዜ አንሺና አራቱን ፎቶ በኮምፒውተር ደርበሽ አማካያቸውን አውጪ። ጠቅላላው ጊዜ ያው ሁለት ሰኮንድ ነው። ኖይዙ በግማሽ ይቀንሳል፣ ያውም በሰማያዊው ብቻ ሳይሆን በሦስቱም ቀለም፤ ቀዩም አይፈስብሽም። ካሜራውን በእጅሽ እንዳትነቀንቂው በሰዓት መቁጠሪያው አስነሺው። እኔ ራሴ ዛሬ ዛሬ ይህን ነው የማደርገው። ፊልተሩ እጅሽ ላይ ካለ ተጠቀሚበት፤ አዲስ ልግዛ ካልሽኝ ግን በዚያ ገንዘብ ደህና የቀን ብርሃን አምፖል ግዢ እልሻለሁ። የአምፖሉን ጉዳይ ከታች ላለው ጠያቂ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። ከዚህ ቀደም በዚሁ ዓምድ «በዲጂታል ካሜራ ዘመን የቀለም ማስተካከያ ፊልተር ጡረታ ወጥቷል፤ ኋይት ባላንስ ተክቶታል» ብለው ጽፈው ነበር። እኔም ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ አባባልዎ አልጣመኝም፤ ቢሆንም ምክርዎን ሰምቼ ከፊልም ዘመን የቀረኝን አንድ ሣጥን ፊልተር ልጥል ስል ልጄ «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ጠይቅ» አለችኝ። ያሉኝ 80ኤ፣ 82ኤ፣ 85ቢ እና ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ኤፍኤል-ዲ የሚል የተጻፈበት ናቸው። የትኛውን ልያዝ? የትኛውን ልጣል?

መልስ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጅዎም ትባረክ። ያን ጊዜ የጻፍኩት ስለ ቀለም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልታረምኩ። ኋይት ባላንስ የፎቶውን ቀለም ያስተካክላል፤ ሴንሰሩ ላይ ያልደረሰ ብርሃን ግን ከየትም አያመጣም። ይህን ሳልለይ በጅምላ ጡረታ አወጣኋቸው።

ሣጥኑን አብረን እንፈትሸው። ቁጥሮቹ የራተን ቁጥር ይባላሉ፤ ስሙ የመጣው ራተን ኤንድ ዌይንራይት ከሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ነው፤ ድርጅቱን ኮዳክ በ1912 እ.ኤ.አ. ገዛው። የፊልተሮቹ ጉልበት የሚለካው በማይርድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሚሊዮንን ለኬልቪኑ ያካፍሉታል። 3,200 ኬልቪን 312 ማይርድ ገደማ ይሆናል፤ 80ኤ 131 ይቀንስለታል፤ 181 አካባቢ ይቀራል፤ ያ ደግሞ 5,500 ኬልቪን ነው። ለስቱዲዮ መብራት ልክክ ያለ ነው። የቤት አምፖል ግን 2,850 ቢሆን 351 ማይርድ ነውና ተቀንሶ 220 ይቀራል፤ 4,550 ኬልቪን ገደማ። ቀን አልሆነም፣ ግን ቀርቧል፤ የቀረችውን ኋይት ባላንስ ሳይጎዳ ያነሳታል። ይህን ይያዙት፤ ትራይፖድ ላይ ላለ፣ ለማይንቀሳቀስ ነገር ብቻ።

82ኤ የሚቀንሰው 21 ማይርድ ብቻ ነው። ያንኑ የቤት አምፖል ወደ 3,030 ቢያመጣልዎት ነው፤ ለዚህ ሲሉ ሌንስ ላይ ተጨማሪ መስታወት ማቆሙ አያዋጣም። በመሀል ያለውን መንገድ ከፈለጉ 80ሲ የሚባል አለ፤ 81 ማይርድ ቀንሶ የሚያስከፍለው አንድ ስቶፕ ነው፤ የእርስዎ ሣጥን ውስጥ ግን የለም።

85ቢን ይጠንቀቁት! ቀለሙ ብርቱካን ነው፣ ሥራውም የ80ኤ ተቃራኒ ነው። የተሠራው ለአምፖል ብርሃን የተዘጋጀ ፊልም ቀን ላይ እንዲሠራ ነው። ማታ ቤት ውስጥ ቢገጥሙት ያችን ያለችውን ትንሽ ሰማያዊ ጠራርጎ ይወስዳታል። ግን አይጣሉት። ፍላሽዎ ትንሽ ከሆነ ፊቱ ላይ ቢይዙት የፍላሹን ብርሃን ወደ 3,200 ኬልቪን ያወርደዋልና ከክፍሉ አምፖል ጋር ይስማማል፤ ከፊት ያለው ሰው ሰማያዊ፣ ከኋላ ያለው ግድግዳ ብርቱካን የሚሆንበት ጣጣ ይቀራል። ለኖይዙ ግን ምንም አይፈይድም።

ኤፍኤል-ዲ የሚለው በፊልም ዘመን የፍሎረሰንት ቱቦን አረንጓዴነት ለመቁረጥ ነበር። ዛሬም ቱቦው አረንጓዴ ከሆነ የአረንጓዴው ቻናል ቀድሞ ይሞላልና፣ አንድ ስቶፕ ገደማ ጊዜ ጨምረው ቀዩንና ሰማያዊውን እንዲደርሱበት ያደርጋል። ያው ትራይፖድ፣ ያው ትዕግሥት። ይያዙት። መስታወቶቹ ለረጅም ጊዜ ስለተቀመጡ ጉም ወይም ሻጋታ እንዳያበጁ በብርሃን አንጻር ያዙሩና ይዩአቸው፤ የቆሸሸ ፊልተር ከኖይዝ የባሰ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ካሜራ ሮው የሚባል ነገር የለውም፤ ጄፒጂ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። እንግዲህ ይህ ምክር ለእኔ አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ ለአንተማ ይበልጥ ነው። ጄፒጂ ለየቀለሙ 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ፎቶው ቢጫ ሆኖ ከተቀመጠ በኋላ ሰማያዊውን በኮምፒውተር ልጎትት ብትል ሽፍታው ብቻ ሳይሆን ጥላው ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይሰነጣጠቃል። ፊልተሩ ስላለህ ብቻ አውቶ ላይ አትተወው፤ ፊልተሩን እንደገጠምክ አንድ ነጭ ወረቀት በዚያው መብራት ሥር አንሳና ኋይት ባላንሱን በእሱ አስይዘው። ወረቀት ከሌለህ የኬልቪኑን ቁጥር 4,500 ላይ አድርገው። የቀረው ሁሉ ከላይ ለሹራብ ሠሪዋ ያልኳት ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ቢጫውን አምፖል ትተን ኤልኢዲ አስገብተናል። ብርሃኑ ግን አሁንም ቢጫ ነው፤ 2,700 ይላል። 80ኤ ለዚህም ይሠራል?

መልስ፦ በከፊል ይሠራል፣ ስሌቱ ግን አይታመንም። የማይርዱ ሒሳብ የተሠራው ለጋለ ክር ነው። ኤልኢዲ የጋለ ክር አይደለም፤ በውስጡ ሰማያዊ የሚያበራ ቁራጭ አለ፣ በላዩ የተቀባው ዱቄት ያን ሰማያዊ በከፊል ወደ ቢጫና ቀይ ይለውጠዋል። ስለዚህ 450 ናኖሜትር አካባቢ አንድ የሰማያዊ ጉብታ፣ ከአጠገቡ ደግሞ ጎድጓዳ ይገኛል። ፊልተሩ ጉብታውን ያሳልፋል፤ ጎድጓዳውን መሙላት አይችልም። ቀለሙ ስለሚዛባ አንዳንዱ ሰማያዊ ልብስ ወደ ሐምራዊ ሊያደላ ይችላል።

አምፖል ለመቀየር ያልሰነፉ ሰዎች ስለሆናችሁ ግን መንገዱ ቀላል ነው። ፎቶ ለሚነሳበት ጠረጴዛ ብቻ 5,000 ወይም 5,500 የሚል፣ ሲአርአይው (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው) ከ90 በላይ የሆነ አንድ ኤልኢዲ አስገቡ። ሰማያዊው ከምንጩ መጣ ማለት ነው፤ ማንንም ቀምቶ የሚያመጣ ወንፊት አያስፈልግም፣ ሁለት ስቶፕም አይከፈልም። የክፍሉን ሌላ ቢጫ መብራት ግን በዚያ ጊዜ አጥፉት፤ ካልጠፋ የሹራቡ አንድ እጅጌ ነጭ፣ ሌላው ብርቱካን ይሆናል። ያንን ደግሞ ኋይት ባላንስም ፊልተርም አያቃናውም።